ስለሚወረሱ የነርቭ በሽታዎች የቀይ ደም ሕዋስ የሰጠው ምስክርነት

መግቢያ

ይህን አጭር ጥናት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በልጅነታችን ያየነው የአንድ ጎረቤታችን ኑሮ ነው። ሠፈራችን ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነበር። እኒህ ጎረቤታችን እጃቸውና ትከሻቸው ሳይፈልጉ ይወራጭ፣ ፊታቸውም ይጨማደድ ነበር። ሲሄዱ ስለሚንገዳገዱ የማያውቃቸው መንገደኛ ሰካራም መስለውት ያልፋቸዋል። የሚያውቋቸው ግን መጠጥ የሚባል ነገር ቀምሰው እንደማያውቁ ይመሰክራሉ። ከሠፈሩ ሰው አንዳንዱ ዛር ነው፣ አንዳንዱ ቡዳ ነው ይል ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዘራቸው ነው፤ ታላቅ ወንድማቸውም እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተው» ይሉ ነበር። ከሁሉ የከፋው ይኸው የመጨረሻው ቃል ነበር፤ ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተው የነበሩትን ሽማግሌዎች ከመንገድ ያስቀረ እርሱ ነውና።

ለበሽታው መርምሮ ስም ያወጣለት ሐኪም አልነበረም፤ እኛም ዛሬ ስም ልናወጣለት አንደፍርም። ነገር ግን ኮሌጅ ገብተን የሕይወት ሳይንስን መማር ከጀመርን ወዲህ «ከዘር ነው» የሚለው ቃል ሐሜት ብቻ ሳይሆን ሊመረመር የሚችል ጥያቄ መሆኑን ተረዳን። ምርመራው ከሚጀመርባቸው ስፍራዎችም አንዱ ከክንድ የሚቀዳ ጥቂት ደም ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚወረሱ የነርቭ በሽታዎች የሰጠውን ምስክርነት ታሪክ፣ በአገራችንም ለዚህ ዓይነት ጥናት የተጠረገውን መንገድ እንገልጻለን፤ በመጨረሻም ወደ ጎረቤታችን ልጅ ጉዳይ እንመለሳለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቀይ ሕዋስ ስለ ነርቭ ለምን ይመሰክራል?

ደምና አንጎል ምን ያገናኛቸዋል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። ቀይ የደም ሕዋስ በአጥንት መቅኒ ውስጥ ተሠርቶ ወደ ደም ሥር ከመውጣቱ በፊት አስኳሉን ይጥላል። ስፋቱ ከሚሊ ሜትር ሺኛ 7 ወይም 8 እጅ ያህል ሲሆን፣ ቅርጹ መካከሉ እንደ ጎደጎደ ሳሕን ነው። ዕድሜውም 120 ቀን ያህል ነው። አስኳል ስለሌለው ሽፋኑ ቢጎዳ አዲስ ፕሮቲን ሠርቶ ሊጠግነው አይችልም። እንግዲህ ሽፋኑ በሚሠራባቸው ስቦች ወይም ፕሮቲኖች ላይ ከወላጅ የተወረሰ ጉድለት ቢኖር፣ ጉድለቱ በሕዋሱ መልክ ላይ ይታያል፤ ክቡ ሕዋስ እሾኽ ያበቅላል።

የነርቭ ሕዋስም እንደዚሁ በስብና በፕሮቲን ሽፋን የተጠቀለለ ነው። አንድ የተበላሸ ጂን በሁለቱም ስፍራ የሚሠራ ከሆነ በአንጎል ውስጥ የደረሰው ጉዳት በደም ውስጥ ምልክት ሊኖረው ይችላል። ሰው በሕይወት ሳለ ከአንጎሉ ቆርሶ መመርመር እጅግ ከባድ ነገር ነው። ደሙን ግን ማንም የጤና ባለሙያ በአንድ ደቂቃ ሊቀዳ ይችላል። የቀይ ሕዋስ ጥቅም በዚህ ላይ ነው፤ ሊደረስበት ለማይቻለው አካል ምስክር ሆኖ ይቀርባል።

የጥናቱ ታሪክ

ታሪኩ የሚጀምረው በኒው ዮርክ ከተማ ነው። በ1950 ፍራንክ ባሰን የተባሉ ሐኪምና አብርሃም ኮርንዝዋይግ የተባሉ የዐይን ሐኪም የ18 ዓመት ልጃገረድ መርምረው ያዩትን አሳተሙ። ልጅቱ የዐይኗ ብርሃን እየደከመ፣ አረማመዷም እየተዛባ የሄደ ነበረች። ደሟ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀይ ሕዋሳቷ ክብ መሆናቸው ቀርቶ ዙሪያቸውን እሾኻማ ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሕዋሳት እሾኽ ከሚለው የግሪክ ቃል በተወሰደ ስም አካንቶሳይት ተብለው ተጠሩ። በ1960 የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ምክንያቱን አገኙት፤ በእንዲህ ያሉ በሽተኞች ደም ውስጥ ስብን ተሸክሞ የሚያዞረው ቤታ ሊፖፕሮቲን የተባለው ነገር ጨርሶ የለም። ስብ ከአንጀት ወደ ደም ካልገባ በስብ የሚጓዘው ቫይታሚን ኢ አብሮ ይቀራል፤ ነርቭና ዐይንም በእርሱ እጦት ይጎዳሉ። ይህ ከታወቀ በኋላ በ1970ዎቹ ብዙ ቫይታሚን ኢ በመስጠት፣ የምግቡንም ስብ በመቀነስ በሽታውን መግታት ተቻለ። ሕክምናው ግን ፍሬ የሚሰጠው ነርቭ ሳይጎዳ በጊዜ ሲጀመር ነው። እንግዲህ የእሾኻማው ሕዋስ ወሬ ለማወቅ ያህል ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ ቢያንስ በአንደኛው በሽታ ልጅን ከዕውርነትና ከሽባነት የሚያድን ወሬ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ1960ዎቹ ተከፈተ። በአሜሪካ ሌቪንና ጓደኞቹ በኒው ኢንግላንድ፣ ክሪችሊና ጓደኞቹ ደግሞ በኬንታኪ ያገኟቸውን ቤተሰቦች መርምረው ውጤቱን በ1968 አሳተሙ። የእነዚህ በሽተኞች ቀይ ሕዋስ እሾኻማ ነው፤ የደማቸው ስብ ተሸካሚ ግን ደኅና ነው። ሕመሙም በልጅነት ሳይሆን ሰው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ይጀምራል። እጅ እግር ይወራጫል፣ አፍና ምላስ ከፈቃድ ውጭ ይንቀሳቀሳሉ፣ በሽተኛው ሳይወድ ከንፈሩንና ምላሱን ይነክሳል። አንዳንዱም የሚጥል በሽታ ይጨመርበታል። ይህን ዓይነቱን መወራጨት ሐኪሞች ኮሬያ ይሉታል፤ ዘፈን ወይም ጭፈራ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ስም ነው። በሽታውም የኮሬያና የእሾኻማ ሕዋስ በሽታ ተባለ።

ሦስተኛው ምስክር የተገኘው ባልታሰበ ስፍራ ነው። በ1961 ሂዩ ማክሎድ የተባለ የሃርቫርድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ደሙ ሲመረመር ኬል በሚባለው የደም ምድብ ያሉት ምልክቶች እጅግ ደካማ ሆነው ተገኙ። ደሙን የመረመሩት ሰዎች ነገሩን በስሙ ጠሩት። በጊዜው የደም ምድብ እንግዳ ነገር ብቻ ይመስል ነበር። በኋላ ግን ይህን ደም የያዙ ወንዶች ቀይ ሕዋሳቸው እሾኻማ መሆኑ፣ ዕድሜያቸው ሲገፋም ጡንቻቸው፣ ልባቸውና አንጎላቸው እንደሚታመም፣ ኮሬያም እንደሚይዛቸው ታወቀ። የተበላሸው ጂን ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ በሽታው በእናት በኩል ወደ ወንዶች ልጆች ይተላለፋል። ጂኑም በ1994 ተለየ። ይህን ማወቅ ለደም ባንክ ሰዎችም ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው አንድ ጊዜ የተለመደውን ደም ከወሰደ ለሁለተኛ ጊዜ የሚስማማው ደም ማግኘት እጅግ ይከብዳልና።

በ2001 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በየፊናቸው የኮሬያና የእሾኻማ ሕዋስን በሽታ የሚያመጣውን ጂን በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ አገኙ። ጂኑ የሚሠራውም ፕሮቲን ኮሬይን ተባለ። ይህ ፕሮቲን በጤነኛ ሰው ቀይ ሕዋስ ሽፋን ላይ ስለሚገኝ፣ ከደም ውስጥ መጥፋቱን በመለካት በሽታውን መለየት ይቻላል። በዚያው ዓመት ከሀንቲንግተን በሽታ ጋር የሚመሳሰል፣ በአፍሪካውያንና በዘር ከአፍሪካ በመጡ ሰዎች ዘንድ የሚገኝ ሌላ የኮሬያ በሽታ ታወቀ። ከእነዚህም በሽተኞች በአንዳንዶቹ ደም እሾኻማ ሕዋስ ይታያል። ኮሬይን የተባለው ፕሮቲን በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ግልጥ እየሆነ የመጣው ከ2018 ወዲህ ነው። ከአንዱ የሕዋስ ሽፋን ወደ ሌላው ስብ የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ የማክሎድ ጂን የሚሠራው ፕሮቲንም የድልድዩ ጓደኛ ሆኖ ተገኝቷል። በ1961 እና በ1968 ለየብቻ የተገኙት ሁለት በሽታዎች ከ50 ዓመት በኋላ የአንድ ሥራ ሁለት ጉድለቶች መሆናቸው ታወቀ ማለት ነው።

በአገራችን የተጠረገው መንገድ

በአገራችን ደም በመስተዋት ቀብቶ በአጉሊ መነጽር የማየት ጥበብ በስፋት የታወቀው ከሁሉ ይልቅ በወባ ምክንያት ነው። በ1958 በደጋው አገር የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። በማግሥቱ በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። የወባን ብቻ ሳይሆን የግርሻንም ነፍሳት በደም ውስጥ የሚፈልጉ ባለሙያዎች በየአውራጃው ተሠማሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ከቦሌ እስከ አያት ባሉት ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች አጉሊ መነጽር ብርቅ ዕቃ አይደለም።

የነርቭ ሕክምና ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1964 ነው። በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ጓደኞቻቸው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት በመሄድ 60,820 ሕዝብ አስጠይቀው በነርቭ በሽታ የተያዙትን መረመሩ። ውጤቱ በ1990 ታተመ። ከሁሉ የበዛው የሚጥል በሽታ ሲሆን፣ ከ100,000 ሰው በ520 ላይ ተገኘ። ፓርኪንሰንና የመወራጨት በሽታ እጅግ በጥቂት ሰዎች ላይ ነው የታየው፤ ነገር ግን ታይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሺያሊስቶች ማሠልጠኛ በ2006 ተጀመረ።

ስለ ኢትዮጵያውያን ቀይ ደም የተደረገው ትልቁ ምርምር ግን ስለ ነርቭ ሳይሆን ስለ ከፍታ ነው። በ1960ዎቹ በጂ. ኤ. ሃሪሰን የተመራ የእንግሊዝ ቡድን በደባርቅ የሚኖሩትን ደገኞችና በአዲ አርቃይ የሚኖሩትን ቆለኞች አነጻጽሮ ውጤቱን በ1969 አሳተመ። በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቤል የተባሉት አሜሪካዊት ከዶክተር አምሃ ገብረ መድኅንና ከሌሎች ጋር ሆነው በስሜን ተራራ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ደም ስለ መመርመራቸው ጻፉ። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ከከፍታው የተነሣ የደማቸው ሄሞግሎቢን ይበዛል። የስሜን ሰዎች ግን በአማካይ ለወንዶቹ 15.9፣ ለሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙ የተለየ አይደለም። የደማቸውም የኦክስጅን ሙሌት 95.3 ከመቶ ነበር።

ይህ ለጉዳያችን ምን ይጠቅማል ቢባል፣ ቀይ ደም የሚነበበው በአገሩ ሚዛን እንደ ሆነ ያስተምረናል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ነው። ከአፋር ወይም ከጋምቤላ ቆላ መጥቶ በሠፈራችን የሚሰነብት ሰው የደሙ ልክ ከደገኛው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ በሌላ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን ልክ ብቻ ይዞ የአገር ሰውን ደም በሽተኛ ወይም ጤነኛ ማለት አይገባም። የወባው አጉሊ መነጽር፣ የቡታጅራው ቤት ለቤት ቆጠራና የስሜኑ የደም ልክ ለየብቻቸው የተጠረጉ ሦስት መንገዶች ናቸው። ለሚወረስ የነርቭ በሽታ ጥናት ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

በአንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ያየነው

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን በአጉሊ መነጽር ያየነው የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ነበር። ለዚህ ጥናት ስንል በምሥራቅ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ሄደን የደም ስላይድ አሠራር ለማየት ለመንን። ባለሙያዋ ከአንዳችን ክንድ በፈቃዳችን ደም ቀድታ አንዲት ጠብታ በስላይዱ ጫፍ ላይ ጣል አደረገች። በሌላ ስላይድ አጋድማ ወደ ፊት ስትገፋው ደሙ እንደ ምላስ ሳስቶ ተዘረጋ። ከደረቀና ቀለም ከተቀባ በኋላ ስናየው ሕዋሳቱ ሁሉ ክብ፣ መካከላቸው ፈዘዝ ያለ ነበሩ። የቀረውን ደም በቱቦው እንዳለ አስቀምጣ በማግሥቱ እንድንመለስ ነገረችን።

በማግሥቱ ከዚያው ቱቦ ሌላ ስላይድ ሠርታ አሳየችን። ብዙዎቹ ሕዋሳት ዙሪያቸውን እሾኽ አብቅለዋል! እኛ ደንግጠን ጓደኛችንን ስናየው እርሷ ሳቀች። «ልጆች፣ ይኼ በሽታ አይደለም፤ ደሙ ስለ ቆየ ነው» አለችን። ከዚያም ልዩነቱን አስረዳችን። ደም ሲቆይ ወይም በቀስታ ሲደርቅ የሚወጣው እሾኽ አጭር፣ እኩልና በዙሪያው የተደረደረ ነው። የእውነተኛው አካንቶሳይት እሾኽ ግን ቁጥሩ ጥቂት፣ ርዝመቱ የማይተካከል፣ አቀማመጡም የተዘበራረቀ ነው። ወደ ቤታችን ስንመለስ ባለሙያዋ ያለችውን በጽሑፍ ካነበብነው ጋር አስተያየነው። በ2005 የጀርመን ሐኪሞች የተሻለውን ዘዴ አሳትመዋል። ትኩሱ ደም በእኩል መጠን ከጨው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሳይደርቅ ይታያል። ደግሞም በሽታው እያለበት እሾኻማ ሕዋስ የማይታይበት ሰው አለ። ስለዚህ ስላይዱ የምርመራው መጀመሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱ የፕሮቲኑና የጂኑ ምርመራ ነው።

አንድ ቃል፣ ሦስት መልስ

አሁን ወደ ጎረቤታችን ልጅ እንመለስ። በአማራውና በሌላውም የደጋ ክርስቲያን ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ይታወቃል። ሽማግሌ ተቀምጦ የአያት ቅድመ አያት ስም ይዘረዝራል፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። በዚህ ልማድ ውስጥ ለሳይንስ ሁለት ጥቅም እናያለን። አንደኛ፣ የአክስትና የአጎት ልጆች ባይጋቡ ከእናትም ከአባትም መወረስ ያለበት በሽታ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የዘር ሐረግ በቃል የሚያውቅ ሕዝብ የሚወረስ በሽታን ለሚያጠና ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

ጉዳቱ ግን ሰው ስለ ዘር የሚጠይቀው ለመሸሽ እንጂ ለማወቅ አለመሆኑ ነው። ቀድሞ የሥጋ ደዌ ከዘር ይመጣል ተብሎ የስንቱ ቤት ልጅ ሳታገባ ቀርታለች፤ በሽታው ግን ከተሐዋስያን የሚመጣ እንጂ የሚወረስ አይደለም። በደንቢያና በፎገራ በአንድ ቤት ብዙ ሰው እግሩ ሲሰናከል ከዘር ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን በችግር ዘመን ከአንድ ድስት የበሉት ጓያ ነው። እንግዲህ ወንድም ከወንድሙ ጋር መታመሙ ብቻውን በሽታው የሚወረስ መሆኑን አያረጋግጥም።

የሚወረስ ቢሆንም እንኳ «ከዘር ነው» የሚለው አንድ ቃል ለልጅቱ ሦስት ልዩ ልዩ መልስ አለው። በሽታው በ9ኛው ክሮሞዞም ያለው፣ ከሁለቱም ወላጆች መወረስ የሚገባው ከሆነ፣ እናቷ ዘመድ ያልሆነች ጤነኛ ሴት ናትና ልጅቱ የተበላሸውን ጂን ብትሸከምም እርሷ ራሷ የመታመም ዕድሏ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰባት ቤት ቆጥራ ብታገባ ልጆቿም እንዲሁ። በሽታው የማክሎድ ዓይነት ከሆነ፣ የአባቷን ኤክስ ክሮሞዞም በግድ ወርሳለችና ተሸካሚ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ እርሷ አትታመምም፣ ከወንዶች ልጆቿ ግን እያንዳንዱ የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። በሽታው ሀንቲንግተን ወይም በአፍሪካውያን ዘንድ የሚገኘው ብጤው ከሆነ ደግሞ የራሷ ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ለዚህኛው ሰባት ቤት መቁጠር አያግዝም፤ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ይወረሳልና።

ሽማግሌዎቹ ሦስቱንም አንድ አድርገው ፈረዱ። እነርሱን ለመውቀስ አይደለም፤ መልሶቹን የሚለይላቸው አልነበረም። ልጅቱ ግን ምናልባት በሌላት በሽታ ተፈረደባት፤ ምናልባትም ሊነገራት የሚገባው ነገር ሳይነገራት ቀረ።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው የእሾኻማው ሕዋስ ታሪክ ከ1950 ጀምሮ የተጓዘው ሐኪሞች በሽተኛውን ከቤተሰቡ፣ ደሙንም ከነርቩ ሳይለዩ በማየታቸው ነው። ጥንቃቄም አይጠፋው። የጂን ምርመራ ውጤት እንደ ሠፈር ወሬ የሚናኝ ነገር አይደለም፤ ለሰውየው፣ በፈቃዱና በምስጢር፣ ከምክር ጋር የሚሰጥ ነው። መድኃኒት ላልተገኘለት በሽታ ውጤቱን ማወቅ የማይፈልግ ሰው ቢኖርም ፈቃዱ ይከበር።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን። በየሠፈራችን የሚወራጨውን ሰው ሰካራም ነው ብለን ከማለፋችን በፊት ወደ ነርቭ ሐኪም የሚያደርሰው ዘመድ እንዳለው እንጠይቅ። በመምህራኖቻችን መሪነት ደግሞ ሰው ሳይሸማቀቅ የሚናገረውን የቤተሰብ ሐረግ መዝግቦ የመያዝ ልምምድ ይጀመር። ጎረቤታችን ከዚህ ዓለም ከተለዩ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ልጃቸው ዛሬም በዚያው ሠፈር ትኖራለች፤ እኛንም በመንገድ ስታገኘን «ትምህርት እንዴት ነው?» ብላ ትጠይቀናለች።